ለወንዝ ቀጠሮ የሰጠው ሹም

አንድ ጠበቃ ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ ይባላል። ችሎት ፊት ቆሞ አፉን ሲከፍት ዝንብ እንኳ መንገዷን አቋርጣ ትሰማው ነበር፤ ንግግሩ ሲያልቅም ወዴት እየሄደች እንደነበር ጠፍቷት ወደ መጣችበት ትመለስ ነበር ይባላል። በዚያ አገር ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም፤ ዝንቧን የጠየቀ ስለሌለ።

የአንዳርጌ ትልቁ መሣሪያ ግን አንደበቱ ሳይሆን ቀጠሮ ነበር። «ትኩስ ነገር አፍ ያቃጥላል፤ ካቆዩት ይበርዳል» ይል ነበር። ባላጋራው ኅዳርን ሲጠይቅ እርሱ ጥርን ያስቆርጣል። ጥር ሲደርስ ምስክሩ ታሟል፤ ምስክሩ ሲድን ዳኛው ለቅሶ ሄደዋል። በአንድ በሬ የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ነገሩ በቀጠሮ ሲጓተት በሬው አረጀ፣ በሬው ሞተ፣ ሰዎቹ ታረቁ፣ ልጆቻቸውን አጋቡ፤ የልጅ ልጆቻቸው ችሎት ሲጠሩ «የምን በሬ?» ብለው ጠየቁ። አንዳርጌ ይህንንም ከድሎቹ ጋር ቆጠረው።

ከደንበኞቹ አንዷ እማማ ስንዱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። መንደራቸው አጋም ውኃ ከሚባለው ወንዝ ዳር ነው። አንድ ባለጸጋ የሸክላ አፈር የሚቆፍሩበትን ጉድጓድ «የኔ ነው» ቢላቸው አንዳርጌ ተሟገተላቸው። ሰባት ጊዜ አስቀጠረ። በመጨረሻው የባለጸጋው በቅሎ ከመመላለስ ብዛት የችሎቱን ዋርካ ገና ከሩቅ ስታይ መንገድ ላይ ትተኛ ጀመር፤ ባለጸጋውም ተስፋ ቆርጦ ጉድጓዱን ተወ። እማማ ስንዱ መርቀው አልጠግብ አሉ። «እንዲህ ያለ ሰው ነበር ሹም ቢሆንልን» አሉ።

እንዳፋቸውም ሆነ። ንጉሡ «እያንዳንዱ አውራጃ ሹሙን ራሱ ይምረጥ» ብለው ዐዋጅ አስነገሩ። የአውራጃው ሰው የሚሻው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአጋም ውኃ ላይ ድልድይ። ትልቁ ገበያ ከወንዙ ማዶ ነው፤ የንጉሡ ከተማም ከዚያ ወዲያ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ይሞላና ሦስት ወር ሙሉ ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል። ከሁሉ የባሰው የሸክላ ሠሪዎቹ ነበር። ድስት እየሠሩ ይደረድራሉ፤ ያ ሁሉ ድስት እያለ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ግን የለም። ባለፈው ክረምት እማማ ስንዱ ረኀቡ ቢጠናባቸው ሃያ እንስራ በአህያ ጭነው ወንዙን ደፍረውት ነበር። እርሳቸውና አህያዪቱ በተአምር ወጡ። እንስራዎቹ እስከ ዛሬ ለዓሣ ውኃ ይቀዳሉ።

ለሹመቱ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው አያ ደርሰህ የሚባል ግንበኛ ነው። ጉብታው ላይ ወጥቶ «ድልድዩን እሠራለሁ፤ ሌላ ነገር አላውቅም» አለና ወርዶ ተቀመጠ። ሰዉ ለማጨብጨብ እጁን ከነጠላው ሳያወጣ ንግግሩ አለቀ። ሁለተኛው አንዳርጌ ነው። ከጠዋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ስለ ድልድዩ ተናገረ። ድንጋዩን ነገራቸው፣ ቅስቱን ነገራቸው፣ በላዩ የሚያልፈውን የሠርገኛ ጭፈራ ሳይቀር ነገራቸው። ወደ ማታ ላይ ድልድዩን ያላየ ሰው አልነበረም። የእማማ ስንዱ አህያ እንኳ ልትሻገረው የፊት እግሯን አንሥታ ነበር። እማማ ስንዱም ከቤት ቤት እየዞሩ «የኔ ጠበቃ ነው፤ በኔ ይሁንባችሁ» ብለው መንደራቸውን በሙሉ አስመረጡለት። አንዳርጌ ሹም ሆነ።

ሰዉ ቃሉን አምኖ በጥቅምት ድንጋይ ፈልጦ፣ ኖራ አቃጥሎ ወንዙ ዳር ከመረ። አያ ደርሰህም ቂም ሳይዝ መዶሻውን ይዞ መጣ። የቀረው የሹሙ አንድ ቃል ነበር፤ «ጀምሩ» የሚል።

ሽማግሌዎቹ ያን ቃል ሊቀበሉ ዳገቱን ወደ አውራጃው ከተማ ወጡ። አንዳርጌም ሊናገረው አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ነውና ግን «ለኅዳር ቀጠሮ» የሚል ወጣው። ራሱም ደነገጠ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ሲወጡ ሲያይ ግን ደስ ደስ አለው። ድልድዩ ወደ ላይኛው መንደር ቢጠጋ ታችኛው ይከፋዋል፤ ወደ ታችኛው ቢጠጋ ላይኛው ያኮርፋል። ቀጠሮ ግን ማንንም አያስከፋም። ስለዚህ በኅዳር «የላይኛው መንደር ቃሉን ይስጥ» ብሎ ለጥር ቀጠረ። በጥር «የታችኛውስ?» ብሎ ለመጋቢት አደረሰው። በመጋቢት የሚጠየቅ መንደር ቢያልቅበት «ዓሣዎቹም የሚሉት አይጠፋም» ብሎ ለግንቦት አሸጋገረው። ቀጠሮውን ሲሰጥ እንዲያ አሳምሮ ነበርና ሰዉ መርቆት ይመለሳል። እጁ ባዶ መሆኑን የሚያየው ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ ማለት ሲጀምር እማማ ስንዱ ራሳቸው ዳገቱን ወጥተው ሸንጎው ፊት ቆሙ። አንዳርጌ የድሮ ደንበኛውን አይቶ ፈገግ አለና፣ በሚያምር ድምፁ፣ ለመስከረም ቀጠራቸው።

እማማ ስንዱ አልተቆጡም። ቀስ ብለው ቀርበው የነጠላቸውን ጫፍ ከሹሙ ካባ ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

በዚያ አገር ከጥንት የቆየ ሥርዓት አለ። ከሳሽ ልብሱን ከተከሳሹ ልብስ ጋር ከቋጠረ ሁለቱ ቁራኛ ናቸው፤ ዳኛ ፈርዶ እስኪፈታቸው ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታ ተከሳሽ ክብሩንም አብሮ ፈታ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውሻ እንኳ ሲያልፍ ተነሥቶ አይጮህበትም።

«ምን ማድረግዎ ነው፣ እማማ?» አለ አንዳርጌ።

«መክሰሴ ነዋ፣ ጌታዬ። ቃል ሰጥቶ የከለከለኝን ሰው።»

«ይሁን። ግን ዳኛው ማነው? የአውራጃው ዳኛ እኔ ነኝ።»

«እሱን አስቤበት ነው የቋጠርሁት» አሉ እማማ ስንዱ። «ተከሳሹም ዳኛውም እርስዎ ከሆኑ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ማን ይፈታናል?»

ሸንጎው ሳቀ። አንዳርጌም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ የቆየው ግን ለመሄድ እስኪነሣ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹሙ በሄደበት ሁሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ ከጎኑ አሉ። ግብር ሲበላ እማማ ከጎኑ ይጎርሳሉ፤ እንግዳ ሲቀበል እማማም «እንኳን ደህና መጡ» ይላሉ። ማታ በመሃል መጋረጃ ይጋረዳል፣ ቋጠሮው ግን በመጋረጃው ሥር ያልፋል። ሚስቱ ባሏን እቤት ውሎ ሲያድር ያየችው ያን ጊዜ ነበርና ቋጠሮውን ጠዋት ጠዋት ትመርቀው ነበር ይባላል። አንዳርጌ ሊቃውንቱን ሁሉ ጠየቀ። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ ከአውራጃ ሹም በላይ ያለ ዳኛ ንጉሡ ብቻ ናቸው።

በዚያው ሰሞን ከንጉሡ ዘንድ መልእክተኛ መጣ። ንጉሡ የአንዳርጌን የአንደበት ዝና ሰምተዋል። እስከ ሐምሌ አቦ ድረስ ከግቢያቸው ከደረሰ የአገሩ ሁሉ ዋና ዳኛ፣ አፈ ንጉሥ ይሆናል፤ ካልደረሰ ሌላ ሰው ይሾማል። ይህ ሹመት አንዳርጌ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልመው የኖረው ነገር ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ደስታው ራሱ አጥግቦት ነበር። በልቡም ሒሳቡን ሠራው። ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ በአንድ እጁ ሹመቱን ይቀበላል፤ በሌላው ይህን ቋጠሮ ያስፈታል።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እንውረድ» አሉ እማማ ስንዱ። «ሰማዩን ይዩት፣ ጌታዬ። ከብዷል።»

አንዳርጌ ሰማዩን አየና «የመሰናበቻ ግብዣ አለብኝ፤ ለሳምንት ይቆይ» አለ።

ሳምንቱ ሦስት ሳምንት ሆነ። በሬ ታረደ፣ ጠጅ ተጣለ፣ ከላይኛው መንደርም ከታችኛውም መጥተው አለቀሱለት። በመጨረሻ በበቅሎ ተቀምጦ፣ እማማ ስንዱ በአህያቸው ከጎኑ ሆነው፣ ነጠላና ካባ በመሃል እንደ ገመድ ተወጥሮ ቁልቁል ወረዱ። ከወንዙ የደረሱት ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው።

አጋም ውኃ ሞልቶ ነበር። መሙላት ብቻ አይደለም፤ ዛፍ ከነወፍ ጎጆው፣ ድንጋይ ከነእንሽላሊቱ ይዞ ይወርዳል። የተከመረው የድልድይ ድንጋይ ዳር ላይ እንዳለ ነው፤ ሣር በቅሎበታል፤ አያ ደርሰህ አናቱ ላይ ተቀምጦ ያፏጫል።

አንዳርጌ ከበቅሎው ወርዶ ውኃውን አየ። ኋላ ግን በዕድሜው በንግግር ያላሸነፈው ባላጋራ እንዳልነበረ ትዝ አለው። ካባውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገ፣ ዘንጉን ዘረጋ፣ ወንዙንም እንደ ችሎት ባላጋራ ገጠመው፤

«በላ ልበልሃ!
ዳገት የወለደህ፣ ዝናብ ያሳደገህ፣
ቁልቁል እንጂ ሽቅብ መሄድ የማይሆንልህ፣
የሹም መንገድ ዝጋ ብሎ ማን አዘዘህ?
ዋስ ካለህ ዋስ ጥራ፣ ከሌለህ ይለይልህ!»

ወንዙ ዋስ አልጠራም። አንዳርጌ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሙግት ወግ፣ «በቅሎ ላግባ!» ብሎ ተወራረደ። በቅሎዋ ይህን ሰምታ ይሁን ዳሩ ተንዶባት አይታወቅም፣ ተንሸራትታ ገባች። ወንዙ የመጣለትን ውርርድ ተቀብሎ ወሰዳት። ደግነቱ ራቅ ካለ ቦታ በዚያው በወዲህኛው ዳር ወጣች፤ ኮርቻው ግን ቀረ። አንዳርጌ አላቆመም። ጉሮሮው እስኪዘጋ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ተሟገተ። እንዲያ ያለ ሙግት በዚያ አገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልተሰማም። ወንዙ ይልቁን አንድ ክንድ ጨመረ።

እማማ ስንዱ ከአህያቸው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲጨርስ ቀና ብለው አዩት።

«ወንዙም ቀጠሮ ሰጠዎት፣ ጌታዬ» አሉት። «ለመስከረም።»

አንዳርጌ ዘንጉን አስቀምጦ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሌላ ቀጠሮ ሲሰጠው በሃያ ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

በሐምሌ አቦ ዕለት ከወንዙ ማዶ የንጉሡ መልእክተኛ ብቅ አለ። የወንዙ ጩኸት ስለማያሰማማ የአፈ ንጉሥነቱን ጥቁር ካባ ወደ ላይ ዘርግቶ አሳየው፤ ወርቀ ዘቦው ከማዶ ያብረቀርቃል። አንዳርጌ እጁን አውለበለበ፣ ዘለለ፣ ውኃውን አመለከተ። መልእክተኛው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ካባውን አራገፈው፣ በጥንቃቄ አጣጠፈው፣ አንድ ጊዜ እጅ ነሣና ሄደ። ሹመቱ ኋላ ለአንድ ኰልታፋ ሰው ተሰጠ። ሰውዬው ቀጠሮ አሳምሮ ለመናገር ስለሚቸገር ቶሎ ይፈርዳል አሉ፤ መናገሩ ከመፍረዱ ይልቅ ይከብደው ነበርና።

ወደ አውራጃው ከተማ እንዳይመለስ አንዳርጌ ተሸኝቷል፤ በሬ ታርዶለታል፤ ተለቅሶለታል። በዚያ አገር ከተሸኘ በኋላ የሚመለስና ከተቀበረ በኋላ የሚነሣ አንድ ናቸው። ስለዚህ ክረምቱን እማማ ስንዱ ጎጆ ከረመ። እርሳቸው ጭቃ ሲረግጡ እርሱም ይረግጣል፤ ቋጠሮው አጭር ነውና ሌላ ምርጫ የለውም። መጀመሪያ ያበጀውን ድስት «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ተወው። ሲነጋ ድስቱ እንደ ተጣመመ ደርቋል። እማማ ሰባብረው ጣሉት። በሁለተኛው ቀን ሳይነሣ ጨረሰው። ነሐሴ ላይ እህሉ ሲያልቅ ጎረቤቱ ሁሉ አንዲት ጭብጥ ሽምብራ እየተካፈለ ሲበላ አየ። ለእርሱም እኩል ደረሰው፤ «ይህን ያመጣብን አንተ ነህ» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ከስድብ ሁሉ ይልቅ አንገቱን ደፋው። በዚያ ክረምት እማማ ስንዱ «እርስዎ» ማለቱን ሳያውቁት ትተው «አንተ ልጅ፣ እንጨት አቀብለኝ» ይሉት ጀመር። እርሱም ሳያውቀው ያቀብላቸው ጀመር።

መስከረም ጠባ። ወንዙ ጎደለ። ሹሙ የቀጠረበት ቀን ደርሷልና የአውራጃው ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ልምድ አለውና ስንቁንም፣ የሚጎዘጎዝ ሣሩንም ይዞ ነው የመጣው። ንግግሩ ቢያጥር እስከ ማታ እንደሚዘልቅ ያውቃል። አንዳንዱ «ለኅዳር ይላል» ሲል ሌላው «ለጥር ነው» እያለ ይከራከራል። አያ ደርሰህ ከወዲሁ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል።

አንዳርጌ ከድንጋዩ ክምር ላይ ወጣ፤ እማማ ስንዱም እየተጎተቱ አብረው ወጡ። ሕዝቡን አየ። ላይኛው መንደር በቀኝ፣ ታችኛው በግራ ነው። ደግሞም ፈራ፤ ወደ አንዱ ቢፈርድ ሌላው እንደሚያኮርፈው አሁንም ያውቃል። ምላሱ የለመደችውን ልታወጣ ተዘጋጅታ ነበር። ያን ጊዜ የካባው ጫፍ ትንሽ ተሳበ። እማማ ስንዱ ሆን ብለው ይሳቡት፣ እግራቸው ይንሸራተት፣ የሚያውቅ የለም።

«አያ ደርሰህ» አለ አንዳርጌ፣ «ወንዙ የሚጠበው የት ነው?»

ግንበኛው ከእንቅልፉ ነቅቶ በጣቱ አመለከተ። ቦታው ለታችኛው መንደር ይቀርባል።

«ጀምሩ» አለ አንዳርጌ። ወረደና የመጀመሪያውን ድንጋይ ተሸከመ።

ሰዉ መጀመሪያ ሹሙ የታመመ መሰለው። አንዲት ሴት ጠበል እንዲመጣለት ጠየቀች። ላይኛው መንደር እንደ ተፈራውም አኰረፈ፤ ስንቁን ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ያለ እነርሱ ሥራው ሲሄድ ቢያዩ ኩርፊያው ሰለቻቸውና እነርሱም ድንጋይ ይዘው መጡ። አያ ደርሰህ ይገነባል፣ ሹሙ ኖራ ያቦካል፣ እማማ ስንዱ ከጎኑ ሆነው «ውኃ አብዝተሃል» ይላሉ። ጥምቀት ሳይደርስ ድልድዩ ቆመ።

በተመረቀበት ቀን እማማ ስንዱ አህያቸውን እንስራ ጭነው ከአንዳርጌ ጋር ድልድዩ ላይ ወጡ። አህያዪቱ ግን ከመግቢያው ቆማ አልሄድም አለች፤ በዚህ ድልድይ አንድ ጊዜ ተታልላበታለች። በመጨረሻ እግሯን አሳርፋ፣ ድንጋዩን አሽታ፣ ተሻገረች። እማማ ስንዱ መሃል ላይ ቆመው ቋጠሮውን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። ስምንት ወር የቆየ ቋጠሮ ነው፤ ጭቃና ኖራ በልቶት ጠጥሯል። አንዳርጌ ድንገት ልቡ ቅር አለው። ያ ነገር ከተፈታ ወዲያ ማን ካባውን እንደሚስበው አሰበ።

«እማማ፣ ትንሽ ይቆይ» አለ።

«ደግሞ ቀጠሮ?» አሉና ፈቱት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አውራጃ ሹም ሲሾም መሐላ አያስምሉትም። አፍ የሚያውቀውን ይምላልና። ይልቅ የካባውን ጫፍ ከአንድ ድሀ ልብስ ጋር ቋጥረው አንድ ክረምት ያከርሙታል፤ ከዚያ ድልድዩን አብረው ይሻገራሉ። እምቢ ያለ ሹም ሲገኝ ደግሞ ግድ አይሉትም። ወንዙ ዳር ወስደው «በል፣ ተሟገት» ይሉታል።

ምሳሌው ይህ ነው፤ ያማረ ቃል ሰውን ያሳድረዋል እንጂ አያሻግረውም። ሁሉን ላለማስከፋት ነገርን የሚያሳድር ሰው ደግ ይመስላል፤ ያሳደረውን ነገር ዕዳ የሚከፍለው ግን ክረምት የሚገባበት ሌላ ሰው ነው። ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን እንዳይረሳ ከሚጠብቀው ሰው ራቅ ብሎ አይቀመጥ፤ ቁርሱን የሚበላበት፣ ዝናቡን የሚያይበት ቦታ አንድ ይሁን።

እርስዎስ፣ አንባቢዬ፣ «ለመስከረም» ብለው ያቆዩት ነገር ምንድን ነው? የልብስዎ ጫፍስ ከማን ጋር ተቋጥሯል? መልሱን ለኔ አይንገሩኝ፤ ለሚጠብቅዎት ሰው ይንገሩት። ታሪኩንም ለሌላ ያካፍሉ፤ ነገ ግን አይበሉ፣ አህያዪቱ ትታዘብዎታለች።